ምዕራፍ ሰባት፦ የወይብ ሰዓት

ከባሌዋ ሮቤ ተነሥቶ በስንዴ ማሳዎች መካከል ወደ ጎሮ የሚሄደው መንገድ፣ ጎሮን ካለፈ በኋላ ወደ ቆላ ይወርዳል። ሮቤ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሶፍ ዑመር ሲደረስ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ወርዷል፤ ስንዴው ቀርቶ ግራርና ቁጥቋጦ መጥቷል። እዚህ፣ ከሮቤ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ወይብ ወንዝ የኖራ ድንጋይ ኮረብታ ሥር ገብቶ ይሰወራል። የሚገባበት አፍ አየው ማኮ፣ የሚወጣበት ደግሞ ሁሉቃ ይባላል። በሁለቱ መካከል ያለው ቀጥታ ርቀት ሁለት ኪሎ ሜትር አይሞላም። ከመሬት በታች ያለው ግን ሌላ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1972 የብሪታኒያ ዋሻ አሳሾች የመተላለፊያዎቹን ርዝመት ለክተው ሲደምሩት 15.1 ኪሎ ሜትር ሆነ። በኢትዮጵያ ከተለኩት ዋሻዎች ረጅሙ ይህ ነው።

አብዛኛው ጎብኚ ሶፍ ዑመርን የሚያየው በእግሩ ነው። ባትሪ ይዞ ከአካባቢው አስጎብኚ ጋር ይገባል፤ ሱሪውን ሰብስቦ ወንዙን ደጋግሞ ይሻገራል፤ ከዚያ የድንጋዩ ምሰሶዎች የቆሙበት ሰፊ አዳራሽ ይደርሳል። በታንኳ ማለፍ የሚያስብ ሰው ሒሳቡ ከዚህ ይለያል። እግረኛ ውሃው ባነሰ ቁጥር ይቀናዋል። ታንኳ ግን ውሃ ይፈልጋል፤ ካነሰበት ድንጋይ ላይ ይቀራል፤ ከበዛበት ደግሞ ጣሪያ ባለው ወንዝ ውስጥ መውጫ ያጣል። ስለዚህ የጉዞው ዕቅድ በዋናነት ጊዜ ፍለጋ ነው። መሣሪያውም፣ ስንቁም፣ ጓደኛውም ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

ጊዜ ፍለጋን እንደ ሙያ ያዳበሩት ከውቅያኖስ ጋር በሚገናኙ ዝቅተኛ ወንዞች ላይ የሚቀዝፉ ሰዎች ናቸው። በእነዚያ ወንዞች አፍ ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። የምትስበው በዋናነት ጨረቃ ናት። ከአንዱ ሙላት እስከ ቀጣዩ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ያልፋል፤ ስለዚህ ሙላቱ በየቀኑ 50 ደቂቃ ገደማ እየዘገየ ይመጣል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ሙላቱም ጉድለቱም ይበረታል፤ በመካከሉ ይለዝባል። ሞምባሳን በመሰለ የሕንድ ውቅያኖስ ወደብ በብርቱው ሰሞን በጉድለትና በሙላት መካከል ያለው ልዩነት ሦስት ሜትር ያህል ይደርሳል። ቀዛፊዎች አንድ የቆየ ደንብ አላቸው፤ ውሃው ለመሙላት የሚፈጅበትን ስድስት ሰዓት ያህል በስድስት ይከፍሉታል። በመጀመሪያው ሰዓት የጠቅላላው ከፍታ አንድ አሥራ ሁለተኛ ይነሣል፤ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ሦስት ሦስት፣ በአምስተኛው ሁለት፣ በስድስተኛው አንድ። እንግዲህ ከሦስቱ ሜትር ግማሹ፣ አንድ ሜትር ተኩል፣ የሚመጣው በመካከለኞቹ ሁለት ሰዓቶች ብቻ ነው። ለዓመቱ የሚሆነው ሰንጠረዥ ቀድሞ ታትሞ ይሸጣል። ቀዛፊው እሱን አይቶ መነሻውን ይቆርጣል።

የእነዚህ ሰዎች ዋና ምክር በውሃ ሙላት ሂዱ የሚል ነው። በሚሞላ ውሃ ላይ ታንኳው አሸዋ ላይ ቢቀመጥ ችግር የለም፤ ትንሽ ቢጠበቅ ውሃው ራሱ ያነሣዋል። በሚጎድል ውሃ ላይ የተቀመጠ ግን እስከሚቀጥለው ሙላት ጭቃ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። በዚያ አገር የሚነሣ ውሃ ወዳጅ ነው።

ሶፍ ዑመር ላይ ይህ ምክር ይገለበጣል። ይህን ያልተረዳ ሰው፣ በሌላ ወንዝ የቱንም ያህል የሠለጠነ ቀዛፊ ቢሆን፣ ወይብ ላይ አደጋ ላይ ነው።

ወይብም ቢሆን መጨረሻው ባሕር ነው። ከሶፍ ዑመር ወርዶ ገስትሮ የሚል ስም ይይዛል፣ ከገናሌ ጋር ይቀላቀላል፤ ገናሌም ዶሎ አጠገብ ከዳዋ ጋር ተገናኝቶ ጁባ ይሆናል፤ ጁባ ኪስማዮ አጠገብ ሕንድ ውቅያኖስ ይገባል። እዚያ ውሃውን ጨረቃ ታዝዘዋለች። ሶፍ ዑመር ላይ ግን የውሃውን ከፍታ የሚወስነው ወደ ምዕራብ ርቆ፣ በባሌ ተራሮች ላይ የሚወርደው ዝናብ ነው። ወይብ ከሳነቴ አምባ ጎን ካለው ከራሱ ሸለቆ ተነሥቶ በዲንሾ በኩል ያልፋል። ሻያና በጎባ የሚያልፈው ቶጎና ይገብሩለታል። ሳነቴ 4,000 ሜትር ገደማ ላይ ያለ አምባ ነው፤ በላዩ የቆመው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። ከዚያ ቀዝቃዛ አምባ የወረደ ውሃ ሞቃቱን ቆላ አቋርጦ ዋሻው አፍ ይደርሳል። ዋሻው ፊት የቆመው ተጓዥ ያንን ዝናብ አያየውም። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ አሸዋው ደርቆ፣ ፍየሎች ጥላ ፈልገው ተኝተው ሳለ ውሃው ሊነሣ ይችላል።

እንደ ባሕሩ የታተመ ሰንጠረዥ ባይኖርም ወንዙ ሥርዓት አለው። የባሕር ሙላት ሲመጣና ሲሄድ ፍጥነቱ ይቀራረባል። የዝናብ ሙላት ግን በችኮላ መጥቶ በዝግታ ይሄዳል፤ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ተነሥቶ ወደ ቦታው ለመመለስ ቀናት ሊወስድ ይችላል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ከገደልና ከታረሰ መሬት የሚንሸራተተው ውሃ አንድ ላይ ተጠራቅሞ ይመጣል፤ ረግረጉና አፈሩ የያዙት ግን እየተንጠባጠበ ይከተላል። የደጋው ረግረግና የአስታ ቁጥቋጦ ቢመነጠር ፊተኛው ከፍ ይላል፣ ኋለኛው ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ብዙ ጊዜ የሚነሣው በቀይ ቀበሮውና በኒያላው ነው፤ ለታንኳ ተጓዥ ግን ፓርኩ የወይብን ውሃ የሚያለዝብ ስፖንጅ ነው፤ ጤንነቱ በቀጥታ ይመለከተዋል።

አሁን ሰዓቱን እናስላ። የሙላት ውሃ በወንዝ አልጋ ላይ በሰዓት አምስት ኪሎ ሜትር ይጓዛል ብለን እንያዝ፤ ቁልቁለቱና የውሃው መጠን ይህን ከፍም ዝቅም ያደርጉታል። ከዲንሾ እስከ ዋሻው ድረስ ወንዙ እየተጠማዘዘ የሚሄደውን መንገድ 150 ኪሎ ሜትር እንበለው። ዲንሾ ላይ ከቀኑ 9 ሰዓት የወረደ ከባድ ዝናብ በዚህ ሒሳብ ሶፍ ዑመር የሚደርሰው ከ30 ሰዓት በኋላ፣ በማግሥቱ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ከሮቤና ከጎባ ዙሪያ የሚመጣውን 100 ኪሎ ሜትር ብንለው በ20 ሰዓት፣ ማለትም በማግሥቱ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ይደርሳል። ተጓዦች ቁርስ በልተው፣ ከሮቤ ነድተው፣ ዋሻው ውስጥ የሚገኙበት ሰዓት ይህ ነው! የደጋው ዝናብ ከሰዓት በኋላ መውረድ ስለሚያዘወትር ይህ መገጣጠም በአንድ ወቅት ውስጥ ደጋግሞ ሊከሰት ይችላል። በአቅራቢያው ካሉ ደረቅ ሸለቆዎች፣ ከ20 ኪሎ ሜትር ርቀት የሚመጣው ደራሽ ውሃ ደግሞ ለማስጠንቀቂያ አራት ሰዓት እንኳ ላይሰጥ ይችላል።

ቁጥሮቹ ግምት ናቸው፤ አንድ ነገር ግን ያስተምራሉ። ዋሻው ፊት ደርሶ ሰማይ ማየት ዕቅድ አይደለም። ወሳኙ ሰማይ የትናንቱ የሮቤ ሰማይ፣ የትናንት በስቲያው የዲንሾ ሰማይ ነው። በጉዞው ዋዜማ ሮቤ የሚያድር ሰው ሳያውቀው ጥሩ የመመልከቻ ቦታ ላይ ነው። ወደ ጎባ 14 ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ ቶጎናን ማየት፣ ሻያ ላይ ቆሞ ውሃው ጥርት ያለ መሆኑን መመልከት፣ ዲንሾ ለሚያውቁት ሰው ስልክ መደወል፤ እነዚህ ሦስቱ ከማንኛውም የስልክ መተግበሪያ የሚበልጥ ወሬ ያመጣሉ። መተግበሪያውም ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ2014 የተጀመረው የዓለም አቀፍ የዝናብ መለኪያ ሳተላይቶች መረብ በየግማሽ ሰዓቱ ግምት ይሰጣል፤ የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የአሥር ቀን ትንበያ ያወጣል። ለተራራ ሸለቆ ግን ሁለቱም ጥቅል መረጃ ናቸው።

ወራቱስ? በባሌ ቆላ ሁለት ዝናብ አለ፤ ገና የሚባለው ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ሀጋያ የሚባለው ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር። ሐምሌና ነሐሴ ለቆላው በአብዛኛው ደረቅ ናቸው። ለደጋው ግን ክረምት ናቸው። ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው ይህ ወቅት ነው፤ የሶፍ ዑመር መሬት ደርቆ ሳለ ወንዙ የደጋውን ክረምት ተሸክሞ ይመጣል። ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ የካቲት ደጋውም ቆላውም አብረው የሚደርቁበት ጊዜ ነው፤ ለዚህ ጉዞ ያለው ወቅት እኔ እንደማስበው ይህ ብቻ ነው። በወቅቱ መጀመሪያ ውሃው ለታንኳ ትንሽ ይሻላል፤ ወደ መጨረሻው እየሳሳ ብዙ ቦታ ታንኳውን በእጅ መጎተት ያስፈልጋል። መጎተት የሚያናድድ ቢሆንም ማንንም አይገድልም።

የወር ስም ብቻውን ግን ዋስትና አይሆንም። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ በተከታታይ አምስት የዝናብ ወቅቶች ከሽፈው በደቡብና በምሥራቅ ኢትዮጵያ ቆላ ከብት አለቀ። በ2023 መጸው ደግሞ ከኤል ኒኞና ከሕንድ ውቅያኖስ መሞቅ ጋር የመጣው ዝናብ በገናሌ፣ በዳዋና በዋቢ ሸበሌ ዳርቻ የሚኖሩትን አፈናቀለ። የዚያ ዓመት ኅዳር ከቀደመው ዓመት ኅዳር ጋር ምንም አይመሳሰልም ነበር። በሶፍ ዑመር መንገድ ላይ ሌላም የቀን መቁጠሪያ አለ። ወደ ድሬ ሼኽ ሁሴን የሚደረገው የአረፋ ዚያራ በጨረቃ ወር ስለሚቆጠር በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀድሞ ይመጣል፤ በሠላሳ ሦስት ዓመት ገደማም ወቅቶቹን ሁሉ ይዞራል። ከዚያራ ጋር አያይዞ ጉዞውን የሚያቅድ ሰው አንድ ዘመን ወንዙን ደርቆ፣ ሌላ ዘመን ሞልቶ ያገኘዋል።

ጣሪያ ያለው ወንዝ ከተገለጠው ወንዝ በምን ይለያል የሚለውን በቁጥር ማየት ይበጃል። የተገለጠ ወንዝ ሲሞላ ወደ ዳር ይሰፋል። በድንጋይ ግድግዳ መካከል ያለ ወንዝ ግን መሄጃው ወደ ላይ ብቻ ነው። ስፋቱ 10 ሜትር፣ ጥልቀቱ ግማሽ ሜትር የሆነ መተላለፊያ እናስብ፤ ውሃው በሰከንድ 0.8 ሜትር ቢሄድ በሰከንድ አራት ሜትር ኩብ ውሃ ያልፋል። ይህ መጠን አምስት እጥፍ ቢሆን (በዝናብ ወቅት ለሚገኝ የተራራ ወንዝ ይህ ብዙ አይደለም) ጥልቀቱ ወደ 1.3 ሜትር፣ ፍጥነቱም ወደ 1.5 ሜትር ይደርሳል። የጉልበት ውሃ የደረት ውሃ ሆነ ማለት ነው። የሚገፋው ኃይል ደግሞ በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ፣ ፍጥነቱ እጥፍ ሲጠጋ ግፊቱ አራት እጥፍ ይጠጋል። ቅድም በእግር የተሻገሩበት ቦታ ከአንድ ሰዓት በኋላ ማንንም አያሻግርም።

ታይላንድ ውስጥ ታም ሉአንግ በሚባል ዋሻ የደረሰውን ዓለም ሁሉ ተከታትሎታል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 23 ቀን 2018 አሥራ ሁለት ታዳጊ ኳስ ተጫዋቾችና ረዳት አሠልጣኛቸው ገቡ። ሲገቡ ያለፉበት መንገድ ደረቅ ነበር። ዝናብ መጣ፣ መመለሻውን ውሃ ዘጋው፤ ወደ ፊት እየሸሹ ሄደው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ተቀመጡ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ጠላቂዎች አገኟቸው፤ በሐምሌ 8፣ 9 እና 10 በተለያየ ቡድን ወጡ። አሥራ ሦስቱም ተረፉ። የአየር ጠርሙስ ሊያደርስ የገባው የቀድሞ የባሕር ኃይል ጠላቂ ሳማን ኩናን ግን ሐምሌ 6 ቀን ሕይወቱ አለፈ። ልጆቹ ሞኞች አልነበሩም፤ ዋሻውን ያውቁት ነበር። የጎደላቸው ውጭ ያለው ሰማይ ምን እያደረገ እንደሆነ የሚነግራቸው ሰው ነበር። ታይላንድ ከዓለም ዙሪያ ጠላቂ ጠራች፤ በባሌ ያንን የሚያህል ዕርዳታ በሰዓታት ውስጥ ይደርሳል ብሎ ማቀድ አይቻልም።

በኢትዮጵያ ወንዞች ላይ የተደረጉ ታላላቅ ጉዞዎችም ወቅት የመምረጥ ታሪክ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1968 ጆን ብላሽፎርድ ስኔል የመራው የዐባይ ጉዞ ክረምቱን መርጦ ገባ፤ ውሃው ድንጋዮቹን ሸፍኖ ጀልባዎቹን እንዲያሳልፍ ነበር። ከቡድኑ ኢያን ማክላውድ የተባለው ወታደር የሞተው ዐባይን ሲቀዝፍ ሳይሆን ገባር ወንዝ በገመድ ሲሻገር ነው። ብዙ ውሃ ለዐባይ ጀልባ የሰጠውን ጥቅም ለሶፍ ዑመር ታንኳ አይሰጥም፤ ዐባይ ሸለቆ ውስጥ ይሄዳል፣ ወይብ ግን ድንጋይ ውስጥ።

የዋሻው ድንጋይ ራሱ የባሕር ሥራ ነው። ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ በጁራሲክ ዘመን፣ ይህ ምድር ከጥልቅ ያልሆነ ባሕር በታች ነበር፤ የኖራ ድንጋዩ የዚያ ባሕር ዝቃጭ ነው። ኋላ መሬቱ ሲነሣ ድንጋዩ ተሰነጣጠቀ፤ ውሃው ስንጥቆቹን እየተከተለ አሟሟቸው፣ አሰፋቸው። ስንጥቆቹ እርስ በርሳቸው ስለሚቆራረጡ የሶፍ ዑመር መተላለፊያዎችም እንደ ከተማ መንገድ ቀጥ እያሉ በማዕዘን ይገናኛሉ። ለካርታ አንሺ ደስ የሚል ነው፤ ለእንግዳ ግን እያንዳንዱ መስቀለኛ ከቀደመው ጋር ስለሚመሳሰል ያሳስታል። ለውጭው ዓለም ስለ ዋሻው የጻፈው አሜሪካዊው ሐኪም አርተር ዶናልድሰን ስሚዝ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1894 ባሌን አቋርጦ በ1897 መጽሐፉን አሳተመ። በ1967 ኤሪክ ሮብሰንና ክሪስቶፈር ክላፋም ስለ ዋሻው ያዘጋጁት ትንሽ መጽሐፍ ወጣ። ከአምስት ዓመት በኋላ የመጡት አሳሾች ካርታውን ሠሩ። የአካባቢው ሰው ግን ከሁሉም በፊት ያውቀው ነበር፤ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ሼኽ ሶፍ ዑመር አሕመድ መጠለያና መስገጃ አድርጎታል፣ ዛሬም የጸሎት ቦታ ነው።

ስለዚህ የውሃውን ወሬ ከማንም በላይ የሚያውቁት በወንዙ ዳር የሚኖሩት ናቸው። አጠያየቁ ግን ልዩነት ያመጣል። ተጓዥ ሰላምታውን ሳይጨርስ «ይሻገራል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ እንግዳን ላለማሳዘን «አዎ» የሚል መልስ ያገኛል። ተቀምጦ፣ የቤተሰቡንና የከብቱን ደኅንነት ጠይቆ፣ «ኦቦ፣ ዛሬ ጠዋት ከብቶቹ በየትኛው መልካ ተሻገሩ? ትናንትስ?» ቢል ግን የውሃውን ቁመት ከነለውጡ ይሰማል። ጥጆቹ በራሳቸው ተሻግረው ከሆነ ውሃው ትንሽ ነው። ትናንት የተሻገሩበትን ዛሬ ትተው ሌላ መልካ ፈልገው ከሆነ ደግሞ ታንኳው ተጠቅልሎ መኪና ላይ መመለስ አለበት። በአካባቢው አስጎብኚ ሳይመራ፣ በአስጎብኚውም ላይ ተጨማሪ ሰው አፋፍ ላይ ሳይቀመጥ መግባት አይገባም።

ስለ ታንኳው ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ አንድ ሒሳብ ግን መያዝ አለበት። ታንኳ የሚሰምጠው የራሱንና የጭነቱን ክብደት የሚያህል ውሃ እስኪገፋ ድረስ ነው። ርዝመቱ 4 ሜትር፣ አማካይ ስፋቱ 70 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ በአየር የሚነፋ ጠፍጣፋ ታንኳ 2.8 ሜትር ካሬ ውሃ ይሸፍናል። ሁለት ሰው፣ ታንኳውና ዕቃው ተደምረው 200 ኪሎ ቢሆኑ ወደ 7 ሴንቲ ሜትር ይሰምጣል። ከዚያ በላይ 28 ኪሎ በተጨመረ ቁጥር አንድ ሴንቲ ሜትር ይጨምራል። የአንድ ቁርጭምጭሚት ውሃ ለመንሳፈፍ ይበቃል ማለት ነው፤ ዕቃ የሚያበዛ ሰው ግን በየጠጠሩ ይቀራል። ለዚህ ሙያ ጣና ላይ የቆየ ጥበብ አለ። ወይጦዎች ከደንገል የሚሠሩት ታንኳ ሆዱ ጠፍጣፋ ነው፤ በቀጭን ውሃ ላይ ይንሸራተታል፤ መሬቱ ሲቀርብ በረጅም እንጨት ይገፋል። ወይብ ላይም ከመቅዘፊያ ይልቅ ዘንግ የሚጠቅምበት ብዙ ቦታ አለ፤ ዘንጉ ጥልቀት ይለካል፣ ግድግዳ ይከላከላል። ደንገሉ ግን ዋሻው ውስጥ ተሸክመውት የሚሄዱበት አይደለም። የሚነፋው ታንኳ የሚመረጠው ለዚህ ነው፤ ስለታም የኖራ ድንጋይ ቢቀድደው መለጠፊያና ማጣበቂያ ይዞ መሄድ ያስፈልጋል።

ባትሪ ለአንድ ሰው ሦስት፤ አንዱ ግንባር ላይ የሚታሰር። ሄልሜት፣ የሕይወት አድን ጃኬት። ሌሊት ለሚያድር የወባ አጎበር።

አየው ማኮ ላይ ታንኳው ከመነፋቱ በፊት አንድ ሥራ አለ። ውሃው ጠርዝ ላይ እንጨት ተተክሎ፣ የውሃው ልክ በቢላዋ ይቆረጥበታል። ሻይ ተፈልቶ እስኪጠጣ፣ ዕቃው እስኪታሰር አንድ ሰዓት ይሄዳል። በዚያ ሰዓት ውስጥ ውሃው ከቆረጡት ልክ ጣት የሚያህል እንኳ ከፍ ካለ መግባት የለም። ልክ ላይ ከቆመ ወይም ዝቅ ካለ ይገባል፤ አፋፍ ላይ የተቀመጠው ሰው ግን እንጨቱን ማየት አያቆምም። ውስጥ የገቡት ደግሞ በየመስቀለኛው ቆመው አራት ነገር ይመለከታሉ። ውሃው ደፍርሷል? ቅጠልና ጭራሮ ይዞ መምጣት ጀምሯል? ከቅድሙ ይበልጥ ቀዝቅዟል? ድምፁ ተለውጧል? ከእነዚህ አንዱ ከታየ ታንኳው ይተዋል፤ ሰው ወደ ላይኛው ደረቅ መተላለፊያ ይወጣል። የት እንደሚወጣ ቀድሞ መታወቅ አለበት። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ደለልና ስንጥቅ ውስጥ የተሰካው ግንድ ያለፈው ሙላት የደረሰበትን ስለሚያሳዩ፣ ከእነሱ በላይ ያለው ቦታ ብቻ መጠጊያ ተብሎ ይያዛል። ዋሻው ከ40 የሚበልጡ አፎች አሉት ቢባልም ሰው የሚገባባቸው ጥቂቶቹ ናቸው፤ አስጎብኚው በየደረሱበት በጣቱ ያሳይ።

ርቀቱ አጭር ነው፤ ውሃው ብቻውን ቢወስድ ከአንድ ሰዓት በታች። መጎተቱ፣ መሸከሙ፣ ጉባኤ አዳራሽ የመሰለውን የምሰሶዎች ክፍል አንጋጦ ማየቱ ሲጨመር ሦስት ሰዓት መያዝ ደግ ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት የገባ 5 ሰዓት ላይ ሁሉቃ ይወጣል። አፋፍ ላይ ላለው ሰው «እስከ 7 ሰዓት ካልወጣን ሰው ጥራ» ተብሎ ሰዓቱ ይነገረዋል፤ መኪናውም ወደ መውጫው ይዞራል። ከሰዓት በኋላ በጊዜ ከተነሡ ሳይመሽ ሮቤ ይገባል። ወፍ የሚወድ ሰው ግን ሁሉቃ ላይ ትንሽ ቢዘገይ አልፈርድበትም፤ በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ የምትገኘው ትንሿ የሳልቫዶሪ ዘር በል ወፍ የምትታወቀው በዚህ ግራር ውስጥ ነው።

ሶፍ ዑመር እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በዓለም ቅርስ ዕጩዎች ዝርዝር ውስጥ አለ። ቦታው የሚያስፈልገው ከማስታወቂያ በፊት አንድ ርካሽ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ፤ አየው ማኮ ላይ ግድግዳው ላይ በቀለም የተሠመረ የውሃ መለኪያ፣ ሌላ አንድ ሻያ ድልድይ ላይ፣ ሌላ አንድ ዲንሾ ላይ። አስጎብኚ ወጣቶቹ ጠዋትና ማታ ቁጥሩን ደብተር ላይ ይጽፋሉ፤ በስልክም ይነጋገራሉ። ሁለት የዝናብ ወቅት ከተመዘገበ በኋላ እኔ ከላይ በግምት ያሰላሁት 20 እና 30 ሰዓት በእውነተኛ ቁጥር ይተካል፤ እግረኛውም፣ ዚያራ ሂያጁም፣ ከወንዙ ታች ከብት የሚያጠጣውም ይጠቀምበታል። ቀለሙ የሚቀባው በየካቲት መጨረሻ ነው፤ ወንዙ በዓመቱ ዝቅተኛው ላይ ሲደርስ ያ ልክ ዜሮ ተብሎ ይሠመራል፤ ከዚያ የገና ዝናብ ሳይጀምር የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ይከፈታል።